በካርድ ላይ ያለ ዕድሜና በህዋስ ውስጥ ያለ ዕድሜ

ከይርጋጨፌ ከተማ አቅራቢያ ካለችው ከኢዲዶ ወይም ከሌላ የጌዴኦ ቀበሌ ተነስተው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ አዛውንት ካርድ ክፍል ሲደርሱ፣ ከስማቸው ቀጥሎ የሚጠየቁት ዕድሜያቸውን ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ ቁጥር ሳይሆን ታሪክ ይሆናል። የጌዴኦ ገበሬዎች በሚችሌ ባመጹበት በ1952 ዓ.ም. ጥጃ ይጠብቁ እንደነበር፣ አለዚያም የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ የመጀመሪያ ልጃቸው ተወልዶ እንደነበር ይናገራሉ። መዝጋቢውም በልቡ አስልቶ 70 ወይም 75 ብሎ ይጽፋል። በየመዝገቡ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች የሚበዙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ግምት የጽሕፈት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት የልብና የደም ሥር ሕመም ሥጋት ሠንጠረዥ ዕድሜን በአምስት በአምስት ዓመት እርከን ይከፍላል፤ የኩላሊት ሥራ ከክሬያቲኒን መጠን የሚሰላባቸው ቀመሮችም ዕድሜን ይጠይቃሉ። በካርድ ክፍል የተሳሳተ አምስት ዓመት መድኃኒት ለማስጀመር ወይም መጠን ለመቀነስ ምክንያት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የልደት ቀን በትክክል ቢታወቅ እንኳ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል። በአንድ ዓመት ከተወለዱ ሁለት ሰዎች አንዱ በ60 ዓመቱ ቡናውን ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ሌላው ከደጃፉ ሳይርቅ የሚደክመው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በስፋት ከተጠናው ከክሮማቲን የሚመጣ ነው።

ክሩና ልቃቂቱ

በአንድ የሰው ህዋስ አስኳል ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ተተርትሮ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የአስኳሉ ስፋት ግን ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ብዙም አይበልጥም። ይህን ያህል ርዝመት በዚያች ጠባብ ስፍራ የሚያስቀምጠው አጠቀላለሉ ነው። ጥጥ ፈታይ ክሯን በእንዝርት ጠምጥማ ልቃቂት እንደምታደርገው ሁሉ፣ ዲ.ኤን.ኤ. ሂስቶን በሚባሉ ስምንት ፕሮቲኖች ጥቅል ላይ ይጠመጠማል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የሚዞረው ክር 147 ጥንድ ቤዞችን የያዘ ሲሆን፣ ክሩና ጥቅሉ በአንድነት ኑክሊዮሶም ይባላሉ። እነዚህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቅሎች ተያይዘው የሚሠሩት አካል ክሮማቲን ነው።

የአጠቀላለሉ ጥቅም ቦታ መቆጠብ ብቻ አይደለም። ክሩ ላላ ብሎ በተጠመጠመበት ስፍራ ያሉ ጂኖች ይነበባሉ፤ ጠብቆ በታሰረበት ስፍራ ያሉት ዝም ይላሉ። የጉበት ህዋስና የአንጎል ህዋስ አንድ ዓይነት ጂኖም ይዘው ሳለ ሥራቸው የተለያየው በዚህ ምክንያት ነው። የትኛው ክፍል ይላላ፣ የትኛው ይጥበቅ የሚለውን ከሚወስኑት መካከል በሂስቶኖች ላይ የሚለጠፉ የአሲታይልና የሜታይል ምልክቶች፣ እንዲሁም በራሱ በዲ.ኤን.ኤ. ላይ በሳይቶሲን ቤዝ የሚያርፈው የሜታይል ምልክት ይገኙበታል። የኋለኛው ሜቲሌሽን ይባላል። ምልክቶቹ ፊደሉን አይለውጡም፤ የሚለውጡት አነባበቡን ነው።

ህዋስ ሲያረጅ ይህ ሥርዓት ይፋለሳል። ጠብቀው መኖር የነበረባቸው የክሮማቲን ክፍሎች እየላሉ ይሄዳሉ፤ ዝም ማለት የነበረባቸው ጂኖች ይናገራሉ። በጠቅላላው ጂኖም ላይ ሜቲሌሽን ሲቀንስ፣ በአንዳንድ ውስን ስፍራዎች ደግሞ በተቃራኒው ይጨምራል። አስኳሉን ከውስጥ ደግፎ የሚይዘው የላሚን ፕሮቲኖች መረብም ይዳከማል። ይህ መረብ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በግልጽ ያሳየው በሕፃናት ላይ የሚከሰተው ሃቺንሰን ጊልፎርድ ፕሮጄሪያ የተባለው እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ ሕመም ነው። መንስኤው ላሚን ኤ የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን መለወጥ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2003 ታወቀ። በእነዚህ ሕፃናት ህዋስ ውስጥ አስኳሉ ተጨማዶ ይታያል፤ ጠባቂው ክሮማቲንም ከስፍራው ይለቃል። አብዛኞቹም አሥራዎቹን ዓመታት ሳያልፉ በልብና በደም ሥር ሕመም ይሞታሉ።

በትምህርት ቤት ስለ ህዋስ እርጅና ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ቴሎሚር ብቻ ነው። ሊዮናርድ ሄይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው በቤተ ሙከራ የሚያድግ የሰው ህዋስ 50 ጊዜ ገደማ ከተከፈለ በኋላ ያቆማል፤ የክሮሞሶም ጫፎች በየክፍፍሉ ማጠራቸውም ለዚህ ዋና ምክንያት ነው። ለሐኪም ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። መከፋፈል ያቆመው ህዋስ ሁልጊዜ አይሞትም፤ በስፍራው ተቀምጦ ብግነት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ አካባቢው ይረጫል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ያለ ግልጽ ኢንፌክሽን መለስተኛ ብግነት የሚታይባቸው በከፊል በዚህ ሳቢያ ነው።

ከደም የሚነበብ ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ2013 ስቲቭ ሆርቫት የተባለ ተመራማሪ በጂኖም ላይ ከሚገኙ 353 ስፍራዎች የሜቲሌሽን መጠን በመነሳት የሰውን ዕድሜ የሚገምት ስሌት አሳተመ። ስሌቱ 51 ዓይነት ጤናማ ህብረ ህዋሳትንና ህዋሳትን መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ የስህተቱ አማካይ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነበር። ይህ የኤፒጄኔቲክ ሰዓት ይባላል። ተመራማሪዎችን ያስደነቀው ግን ትክክለኛነቱ ሳይሆን ልዩነቱ ነበር፤ ሰዓቱ ከልደት ቀን ቀድሞ ሲገኝ ምን ማለት ነው?

በኢትዮጵያ ላለ ጤና ባለሙያ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ኤች.አይ.ቪ. ነው። ሆርቫትና ሞርጋን ሌቪን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች የህዋስ ዕድሜ በደም ውስጥ በ5.2 ዓመት፣ በአንጎል ውስጥ በ7.4 ዓመት ቀድሞ ተገኝቷል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ይህን መቅደም በከፊል እንደሚመልሰው ያመለክታሉ። በአገራችን ነፃ ሕክምናው ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. አንስቶ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች፣ ያኔ በሠላሳዎቹ ከነበሩ፣ ዛሬ ከሃምሳ አልፈዋል። የቫይረሱ መጠን የማይታይ ደረጃ ላይ ሆኖ ሳለ ደም ግፊት፣ ስኳርና የአጥንት መሳሳት ይዘው ሲመጡ፣ በካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይቶ ገና ናቸው ማለት ስህተት ይሆናል። ግፊትን መለካትና ስኳርን መመርመር ውድ ምርመራ አይሻም።

ከኢትዮጵያ ከፍታ የተገኘ ፍንጭ

በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የጂኖም ጥናት በደጋና በቆላ የሚኖሩ አማሮችንና ኦሮሞዎችን አነጻጽሮ ነበር። የጥናቱ ዓላማ በአነስተኛ ኦክሲጅን የመኖርን ምስጢር መፈለግ እንጂ እርጅና አልነበረም። በቲቤታውያን ላይ ከሄሞግሎቢን መጠን ጋር የተያያዙት የጂን ልዩነቶች በኢትዮጵያውያን ላይ ተመሳሳይ ውጤት አላሳዩም፤ ይኸውም በሌላ ሕዝብ ላይ የተገኘን ውጤት እንዳለ መገልበጥ እንደማያዋጣ ጥሩ ማስረጃ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚቀርቡት ግን ሌሎች ሁለት ግኝቶች ናቸው። በደገኞችና በቆለኞች መካከል ከሚጠበቀው በላይ ተለያይተው ከተገኙት መካከል የህዋስ ክፍፍልን የሚቆጣጠሩና የተጎዳ ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚጠግኑ ጂኖች ነበሩበት፤ በኦሮሞዎች ዘንድ ደግሞ በደገኞችና በቆለኞች መካከል በተወሰኑ ጂኖች ላይ የሜቲሌሽን ልዩነት ታይቷል። የዲ.ኤን.ኤ. ጥገናና ሜቲሌሽን የህዋስ እርጅና ሁለት ዋና ጉዳዮች ስለሆኑ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በብዛት በተሰበሰበ ናሙና የተስተካከለ ሰዓት ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው እንዳለ ይሠራል ብሎ መቀበል ያስቸግራል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ዘርፍ ያበረከተችው ሌላም አለ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፀጉር አልባው ፍልፈል በምሥራቅ አገራችን ቆላማ ስፍራዎች፣ በሶማሊያና በኬንያ ከመሬት በታች ይኖራል። መጠኑ ከአይጥ ብዙም ሳይበልጥ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ካንሰርም እምብዛም አይዘውም። ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ተነበበ። ለረጅም ጊዜ የማያረጅ እንስሳ ተብሎ ሲነገርለት ቢቆይም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡ ጥናቶች የሜቲሌሽን ሰዓቱ እንደሚቆጥር አሳይተዋል። ሞቱ ከዕድሜው ጋር የማይጨምር እንስሳ እንኳ በክሮማቲኑ ላይ ጊዜን ይመዘግባል።

የተጎነደለ ቡና

የጌዴኦ ገበሬ ያረጀ ቡናውን ከሥሩ አስጠግቶ ይጎነድለዋል፤ ከጉቶው የሚወጣው ቀንበጥ ያው ዛፍ ሆኖ ሳለ እንደ አዲስ ያፈራል። በእንስሳ ህዋስ ላይ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ያሳየው ሺንያ ያማናካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አራት ጂኖችን ብቻ በማስገባት የአይጥ ቆዳ ህዋስን ወደ ፅንስ ህዋስ መሰል ሁኔታ መለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሰዓቱም በእንዲህ ያለ ህዋስ ላይ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ችግሩ ሰው ቡና አለመሆኑ ነው። ሂደቱ በአይጦች አካል ውስጥ እስከ መጨረሻው ሲካሄድ ህዋሳቱ ማንነታቸውን ስተው ቴራቶማ የተባለ ዕጢ ፈጥረዋል። ስለዚህ አሁን የሚሞከረው ሂደቱን በአጭሩ ጀምሮ ማቋረጥ ሲሆን፣ ለተራ ታካሚ የደረሰ ሕክምና ግን የለም። ያረጁ ህዋሳትን ለይተው የሚገድሉ መድኃኒቶችም በሰው ላይ መሞከር የጀመሩት በቅርቡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የመጀመሪያው ሙከራ የሳምባ ጠባሳ ያለባቸው 14 ሕሙማንን ብቻ ያካተተ ነበር። እርጅናን ይመልሳል ተብሎ በየሱቁ ስለሚሸጥ ቅባትና እንክብል ለሚጠይቅ ታካሚ ይህን መንገር ገንዘቡን ለደም ግፊት መድኃኒቱ ያስተርፍለታል።

ዕድሜያቸው የሚያከራክር ወጣቶችን በዚህ ሰዓት ለመለየት የሚቀርብ ሐሳብም አለ። አማካይ ስህተቱ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆነ መሣሪያ የ16 ዓመት ልጅን ከ19 ዓመት ወጣት ለይቶ ለፍርድ ቤት የሚያቀርብ አይደለም።

የምርመራው ናሙና ግን ከሚገመተው በላይ ቀላል ነው። በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ ለሜቲሌሽን ጥናት ይበቃል፤ ከኤች.አይ.ቪ. ከተያዙ እናቶች የተወለዱ ሕፃናትን ለመመርመር የሚያገለግለውን የናሙና አወሳሰድ ደግሞ የጤና ባለሙያዎች አስቀድመው ያውቁታል። የሚጎድለው ሌላ ነው። ሰዓቱን ለአንድ ሕዝብ ለማስተካከል የልደት ቀናቸው በእርግጠኝነት የሚታወቅ፣ ከወጣት እስከ አዛውንት ያሉ ሰዎች ያስፈልጋሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ፣ በዚያ ዓመት ኢዲዶ ውስጥ ተወልዶ የተመዘገበ ልጅ ዛሬም ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነው።