«ጋርብልድ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1977 የመጠቀችው ቮዬጀር 1 መንኩራኩር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ትርጉም ያለው መረጃ መላክ አቆመች። የራዲዮ ሞገዷ ግን አልተቋረጠም፤ ከምድር የሚላክላትን ትእዛዝም ትቀበል ነበር። ፍቺ ያጣው የምትልከው የዜሮና የአንድ ድርድር ነው። እንዲህ ላለው መልእክት እንግሊዝኛ «ጋርብልድ» የሚል ቃል አለው። ተማሪዎቻችንም በቤተ ሙከራ ዘገባቸው ውስጥ ይህንኑ ቃል ሲያዘወትሩት እናያለንና ምንነቱን ብናጤን አይከፋም።

የቃሉ ሥር ዓረብኛ ነው። «ገርበለ» ማለት በወንፊት ነፋ፣ አጠራ ማለት ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር የቅመም ንግድ አማካይነት ወደ ጣሊያንኛ፣ ከዚያም በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በለንደን ከተማ የቅመም መጋዘን እየገባ ቅመሙን የሚመረምርና ግርዱን የሚያስለይ «ጋርብለር» የተሰኘ ሹም ነበር። እንግዲህ ቃሉ በመጀመሪያ ማጥራትን ያመለክት ነበር ማለት ነው! ውሎ አድሮ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ለራስ የሚስማማውን ብቻ ለቅሞ ሐሳቡን ማዛባት የሚል ፍቺ ያዘ፤ በኋላም ማንም ሆን ብሎ ያላደረገው መመሰቃቀል ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ምርትን ከግርድ ይለይ የነበረው ቃል ሁለቱ የተደባለቁበትን መልእክት መሰየሚያ ሆኖ ቀረ።

በዛሬው አጠቃቀም ጥርት ብሎ የሚሰማ ሐሰት «ጋርብልድ» አይባልም። ቃሉ መልእክቱ ተቀባዩ ዘንድ በምን ሁኔታ እንደ ደረሰ ይናገራል እንጂ ምን እንዳበላሸው አይናገርም። ለፊዚክስ ተማሪ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ሁለተኛው ነው።

አንደኛው ምክንያት ኖይዝ፣ ማለትም አስቀድሞ የማይታወቅ ድንገቴ ረብሻ ነው። ከ100 ቢቶች አንዱ በኖይዝ ይገለበጣል እንበል። እያንዳንዱን ቢት ሦስት ሦስት ጊዜ ብንልክና ተቀባዩ በአብላጫው ቢወስን፣ ስሕተቱ ከ10,000 ቢቶች ወደ 3 ገደማ ይወርዳል፤ ማስተላለፊያው ግን ሦስት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳሳየው ግን፣ የመላኪያው ፍጥነት ከመስመሩ አቅም እስካላለፈ ድረስ፣ ተስማሚ ኮድ በመምረጥ ስሕተቱን የፈለግነውን ያህል ማሳነስ ይቻላል።

ሌላው ምክንያት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። «ሀ» በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 225፣ 136 እና 128 የተሰኙ ሦስት ባይቶች አሉት። ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት በዊንዶውስ-1252 ሠንጠረዥ ካነበበው፣ በ«ሀ» ፈንታ ጭረት ያለበት የላቲን ፊደል፣ ቆብ መሰል ምልክትና የዩሮ ምልክት ይደረደራሉ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ማንም የማያነበው ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ደብዳቤው «ተበላሸ» ተብሎ ስንት ጊዜ ተጥሎ ይሆን? ሆኖም አንድም ቢት አልጠፋም። የጠፋው ቁልፉ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ መልእክቱን ሦስት ጊዜ መላክም ፋይዳ የለውም።

በቮዬጀር ላይ ሁለቱም ዓይነት መልክ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 መሐንዲሶች የሙከራ ትእዛዝ ላኩ። ትእዛዙ ለመድረስ 22 ሰዓት ተኩል፣ መልሱም ለመመለስ ያንኑ ያህል ይፈጅ ነበር። የመጣው ድርድር ከበፊቱ ቢለይም እንደ ተለመደው መረጃ የሚነበብ አልነበረም። አንድ መሐንዲስ ግን ፈታው፦ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ሙሉ ግልባጭ ነበር። ቀድሞ ከነበረው ግልባጭ ጋር ሲያስተያዩት ከሜሞሪው 3 በመቶ ያህሉ ተበላሽቶ ተገኘ፤ መነሻውም የአንድ ቺፕ ብልሽት ነበር። ቺፑን መጠገን ስለማይቻል በዚያ የነበረውን የፕሮግራም ክፍል ከፋፍለው ወደ ሌላ የሜሞሪ ቦታ አዛወሩት። ኤፕሪል 20 ቀን መንኩራኩሯ ስለ ራሷ ደኅንነት የሚነበብ መረጃ ላከች።