ጫማ በሐኪም ትእዛዝ

አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965) ሲቋቋም ዓላማው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማከምና ለአፍሪካ አገሮች ባለሙያ ማሠልጠን ነበር። ዛሬ ብዙ ዓይነት ሕመምተኛ የሚስተናገድበት ትልቅ ሆስፒታል ነው። ከአገልግሎቶቹ መካከል ግን ከመድኃኒት ቤቱ እኩል ሊታወቅ የሚገባው የኦርቶፔዲክ ወርክሾፑ ነው። ወርክሾፑ ሰው ሠራሽ እግር፣ የእግር ድጋፍና ክራንች ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ በሐኪም የሚታዘዝ ጫማም ይሠራል። ለደነዘዘ እግር የሚሠራው ጫማ የስንቱን እግር ከመቆረጥ እንደሚያድን ብዙ ሰው አያውቅም።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቆዳንና ለቆዳ ቀረብ ብለው የሚያልፉ ነርቮችን ያጠቃል። ከቁርጭምጭሚት በውስጥ በኩል የሚወርደው ነርቭ ሲጎዳ ውስጥ እግር ይደነዝዛል፤ ላብ ስለማይኖረው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ጣቶችም ይቆለመማሉ። ከጉልበት ጎን የሚያልፈው ከተጎዳ ደግሞ ሰውየው የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ ማንሳት ያቅተዋል፤ ሲራመድ ጣቶቹ መሬት ይጎትታሉ። ለዚህኛው ችግር እግሩን ከፊት ቀና አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ይሠራለታል።

ለብዙ ዘመን ሰው ሁሉ፣ ሐኪሙም ጭምር፣ ጣቶችን የሚበላቸው በሽታው ራሱ ነው ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ደቡብ ህንድ ቬሎር የሄደው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድና ባልደረቦቹ ነገሩ ሌላ መሆኑን አሳዩ። እግርን የሚያጠፋው በአብዛኛው ሳይታወቅ የሚደርስ ጉዳት ነው። ስሜት ያለው ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ አንዱ ቦታ ሲያቃጥለው ሳያስበው አረማመዱን ይቀይራል፣ ያነክሳል፣ አረፍ ይላል። የደነዘዘ እግር ግን ይህን አያውቅም። በሺህ የሚቆጠር እርምጃ ያንኑ አንድ ቦታ ይደበድበዋል፤ ሥጋው ከውስጥ ይቆስላል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ማመርቀዙ አጥንት ሲደርስ እግሩ ማጠር ይጀምራል።

መድኃኒቱ ይህን ወደ ኋላ አይመልስም። የሥጋ ደዌ መድኃኒት እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የሞተ ነርቭን ግን አያስነሳም። ሰውየው ከበሽታው ድኗል፤ ድንዛዜው ግን ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። የጫማው ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ እግሩ ይመረመራል። ቆዳ ላይ ተጭኖ ሲጎብጥ የ10 ግራም ጫና የሚያሳርፍ ቀጭን የናይለን ክር አለ፤ ይህን ክር ውስጥ እግሩ ላይ ማወቅ ያቃተው ሰው መከላከያ ጫማ ያስፈልገዋል። ቀለም በተቀባ ንጣፍ ላይ በማስረገጥም አሻራ ሊወሰድ ይችላል፤ ጫና የበዛበት ቦታ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ቅርጹ ላልተበላሸ እግር ከውስጥ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ያሉት ለስላሳ ጎማ የተነጠፈበት፣ ከታች እሾህና ስባሪ የማይበሳው ጠንካራ ሶል ያለው ሰንደል ይበቃል። ቅርጹ ለተበላሸ ግን በጀሶ ልክ ተወስዶ ንጣፉ በዚያው ልክ ይቀረጻል፤ ክብደቱ በጥቂት ነጥቦች መሆኑ ቀርቶ በመላው ውስጥ እግር ይከፋፈላል። ቁስል እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው ሰው ሶሉ የማይታጠፍና ከፊት ወደ ላይ የተቀለበሰ ይሆናል፤ እርምጃው ሲንከባለል የፊተኛው ውስጥ እግር ከጫና ያርፋል።

ጥቃቅን የሚመስሉት ነገሮች እዚህ ላይ ትልቅ ናቸው። ምስማር አይገባበትም፤ ሶሉ ሲያልቅ ምስማሩ ወጥቶ እግር ቢወጋ ባለቤቱ አይሰማውምና ሥራው በማስቲሽና በስፌት ይሆናል። ከተረከዝ በስተኋላ የሚይዝ ማሰሪያ የግድ ነው፤ ጣቶቹ የተቆለመሙበት ሰው ነጠላ ጫማን በጣቶቹ ይዞ መራመድ አይችልም። የእጁም ጣቶች ተጎድተው ከሆነ ዘለበት አስሮ መፍታት ስለሚያቅተው በተለጣፊ ማሰሪያ ይተካለታል።

ከሁሉ በላይ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ግን ለመልኩ ነው። ጫማው ከሩቅ «ይህ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ነው» ብሎ የሚናገር ከሆነ ሰውየው ለገበያና ለለቅሶ አያደርገውም፤ አልጋ ሥር ይቀመጣል። የማይደረግ ጫማ ደግሞ ምንም አያድንም። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን የሚመስል፣ የሚያምር ጫማ መሥራት የሕክምናው አካል ነው። ለዚህ ሙያ የሚሰጠው ክብር ከሚገባው በጣም ያነሰ ነው።

ጫማው የሚፈለገው ለአንድ በሽታ ብቻ አይደለም። ስኳርም ነርቭን ያደነዝዛል፤ ብራንድ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ በካርቪል ሲሠራ ከሥጋ ደዌ የተማረውን ለስኳር ሕሙማን እግር አውሎታል። በደጋማው አገራችን ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የዝሆኔ በሽታ ደግሞ ያበጠ እግር ያመጣል፤ ከሱቅ የሚገዛ ጫማ አይገባለትም። ስለዚህ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ብዙ ጽፏል። ለታማሚው በልኩ የተሠራ ሰፊ ጫማ ያስፈልገዋል፤ ለልጆቹ ግን ከሕፃንነት ጀምሮ ማንኛውም ተራ ሽፍን ጫማ ይበቃል። እግሩ ዞሮ የተወለደ ሕፃንም በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ከተስተካከለ በኋላ፣ ሁለት ጫማዎች በዘንግ የተያያዙበትን ማሰሪያ መጀመሪያ ቀንም ሌሊትም፣ ኋላ ደግሞ እስከ 4 ዓመቱ ገደማ ሌሊት ሌሊት ያደርጋል።

ለእነዚህ ሁሉ አንድ ጊዜ የተሰጠ ጫማ አይበቃም። ለስላሳው ጎማ በጊዜ ብዛት ይጨመቃል፣ ይደርቃል፤ ሕፃኑም ያድጋል። ስለዚህ የጤና አገልግሎታችን ጫማን እንደ ዕርዳታ ስጦታ ማየቱን ትቶ እንደሚቀጥል መድኃኒት በጀት ሊይዝለት፣ ጥገናውንም ለገጠሩ ሰው ቅርብ ሊያደርግለት ይገባል።

አንባቢም ስኳር ካለብዎ ወይም ውስጥ እግርዎ ከደነዘዘ ጫማዎን ከማድረግዎ በፊት እጅዎን ከተው ይፈትሹ፤ ማታ ማታ እግርዎን ይመልከቱ፣ ካልታየዎት ለሌላ ሰው ያሳዩ። ቁስል እስኪወጣም አይጠብቁ፤ አቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ እግርዎን እንዲመረምርልዎ ይጠይቁ።