የጋይንት ሽማግሌ ሥልጣን

ከንፋስ መውጫ ወጣ ባለ የገጠር ደብር፣ ቅዳሴ ሲያበቃ ሽማግሎች ከጽዱ ጥላ ይቀመጣሉ። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ የሟች ወገን ፊቱን አዙሯል። ሽማግሎቹ በመካከል ይመላለሳሉ። ካሳው ይቆረጣል፣ ቃሉ በመሐላ ይታሰራል። ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስር ይሆናል፤ ደም መላሹን ከቤቱ የሚያስቀምጠው ግን ይህ እርቅ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ራስን ማስተዳደር ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ ይህ ጉባኤ ነው።

ሕጉ የሚያየው ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ራስን የማስተዳደር መብትን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጠ። በአማራ ክልል አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። የጋይንት ገበሬ ከብዙኃኑ ወገን ነውና ያለው ወረዳና ቀበሌ ነው። ከውጭም የመጣለት መጠጊያ የለም፤ የተባበሩት መንግሥታት መስከረም 2000 ዓ.ም. የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ በ143 ድምፅ ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ በድምፅ አሰጣጡ አልነበረችም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ደግሞ ባህላዊ ዳኝነት የተፈቀደው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ ነው። ከሁሉ የከበደው የደም እርቅ ከዚያ ውጭ ቀርቷል፤ ይህን ትልቅ ጉድለት እለዋለሁ።

የመሬቱ ነገር ከዚህ ይከርራል። ርስት ከአቅኚው አባት በትውልድ እየተቆጠረ ይወርድ ነበር፤ ጭቃ ሹሙም ግብር ያስገባ ነበር። የየካቲት 1967 አዋጅ ያንን ሻረ፣ ገበሬ ማኅበር ተተካ። መንዝ ላይ የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግቶ በወቅቱ ይከፍት የነበረው የቄሮ ሥርዓት የፈረሰው በዚያው ለውጥ ነው፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በኋላ በአዲስ መልክ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ የአማራ ገበሬ እጅ ላይ የይዞታ ደብተር አለ፤ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል።

ከጽዱ ጥላ ግን ሴት እምብዛም አትቀመጥም። ይህን ያህል የማከብረው ጉባኤ በዚህ ያሳዝነኛል፤ የልጇ ደም የፈሰሰባት እናት ካሳው ሲቆረጥ ቃል የላትም። ሌላ መንገድ የያዙ ግን አሉ፤ ከእስቴ ወጥተው በ1964 ዓ.ም. ፎገራ ላይ የአውራ አምባን መንደር የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ የተነሡት ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ብለው ነው። በዚያ መንደር ሴቲቱ ሞፈር ትጨብጣለች፣ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፤ መንደሩን በሚመሩት ኮሚቴዎችም ሴቶች ይቀመጣሉ።