ከለቡ እስከ ድሬ፦ ከልጆች ጋር ወይስ ያለ ልጆች?

ጀሞ፣ ለቡ ወይም ላፍቶ የሚኖሩ ከሆነ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር የሚነሣው ከደጅዎ ነው ማለት ይቻላል። ፉሪ-ለቡ ጣቢያ ለመድረስ ቦሌ ወይም አውቶቡስ ተራ መሄድ አይጠበቅብዎትም። ሆኖም በሰፈርም ሆነ በመሥሪያ ቤት «ተሳፍራችሁበት ታውቃላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፦ «አንድ ቀን እንሄዳለን።»

ይህ «አንድ ቀን» የማይመጣበት ምክንያት አለው። እኛ ጉዞ የምንወጣው ለልቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ነው። ለማረፍ ብሎ ብቻ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። የዓመት ፈቃዱም ቤት በማደስና ጉዳይ በማስፈጸም ያልቃል። ከዚያ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፦ ልጆቹስ?

መጀመሪያ፦ ጉዞው ለማን ነው?

እኛ ማርኬቲንግ ላይ የምንሠራ ሰዎች አንድ ማስታወቂያ ከማዘጋጀታችን በፊት «ይህ ለማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ለሁሉም ሰው የተሠራ ማስታወቂያ ማንንም አይስብም፤ ጉዞም እንደዚያው ነው። ልጆቹም እንዲደሰቱ፣ ባልና ሚስትም በቂ የራሳቸው ጊዜ እንዲያገኙ፣ አያትም እንዲያርፉ ታስቦ የወጣ የሦስት ቀን ዕቅድ ሁሉንም አድክሞ ይመልሳል።

ከልጆች ጋር ከሆነ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ይያዙ፤ መንገዱ ራሱ ቀን ይበላልና። በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ያቅዱ፤ የቀረው ጊዜ የጨዋታና የእንቅልፍ ይሁን። ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ካሉዎት አንዱን ቀን እነሱ እንዲመርጡ ያድርጉ። ራሱ የመረጠውን ለማየት የሚሄድ ልጅ «መቼ ነው የምንመለሰው?» አይልም።

ሁለት ብቻችሁን ከሆነ ሁለት ሌሊት ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ እናቶችን የሚይዛቸው የኅሊና ወቀሳ ነው፦ «ልጆቼን ጥዬ እንዴት ልዝናና?» ነገር ግን ባልና ሚስት ዓመቱን ሙሉ የሚነጋገሩት ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ቤት ኪራይ ብቻ ከሆነ፣ ልጆቹም የሚያድጉት በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ሁለት ቀን መለየት ልጅን አይጎዳም፤ ሳይነግሩት መጥፋት ግን ያስደነግጠዋል። ስለዚህ ተኝቶ ሳለ ሹልክ ብለው አይውጡ። የሚመለሱበትን ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ አብራችሁ አክብቡ። ልጁን ለሠራተኛ ብቻ ትተው አይሂዱ፤ አያት ወይም አክስት ቤት ትደር። የክሊኒኩን ስልክ፣ የመድኃኒቱን መጠን፣ ከትምህርት ቤት ልጁን የሚያመጣውን ሰው ስም በወረቀት ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉ።

ብቻዎን ወይም ከእህትዎ ጋር ከሆነ ይህም ጉዞ ነው፤ ለማንም ማብራሪያ መስጠት የለብዎትም። ማረፊያዎን አስቀድመው ይያዙ፤ ስሙንና ስልኩን ለአንድ ቤተሰብ ይስጡ፤ የሚደርሱት በቀን ብርሃን ይሁን።

ባቡር፣ አውሮፕላን ወይስ መኪና?

የኤሌክትሪክ ባቡሩ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመርቆ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። እስከ ጅቡቲ ያለው ርዝመት ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ በኩል አድርጎ መተሐራ ሲደርስ ልጆችን መስኮት ዳር ያስቀምጡ፤ ዓመት ከዓመት እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅና የፈንታሌ ተራራ የሚታዩት እዚያ ነው። ከዚያ አዋሽን ተሻግሮ ቆላው ይቀጥላል፤ ግራር፣ ግመልና ረጅም ሜዳ።

ባቡር ለልጅ ይመቻል፤ ተነሥቶ መንቀሳቀስ ይችላል፤ መጸዳጃ ቤትም አለ። ነገር ግን ዕቅድዎን ከባቡሩ ጋር ማስማማት ይኖርብዎታል። ተጓዥ ባቡሩ እንደ ከተማ አውቶቡስ በየሰዓቱ አይነሣም፤ ስለዚህ ፈቃድ ከመጠየቅዎ በፊት የጉዞ ቀኖቹን ጣቢያው ሄደው ያረጋግጡ። መታወቂያ ይያዙ። የሻንጣ ፍተሻ ስላለ ቀደም ብለው ይድረሱ። ምሳና ውኃ ከቤት ይቋጥሩ። አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ከመሃል ከተማ ራቅ ስለሚል የሚቀበልዎትን መኪና ከሆቴሉ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

አውሮፕላን ከቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሕፃን ለያዘና ፈቃዱ አጭር ለሆነ ይሻላል። ብዙ ቤተሰብ የማያስበው አማራጭ ደግሞ ሁለቱን ማቀላቀል ነው፦ በባቡር ሄዶ በአውሮፕላን መመለስ። በመኪና መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ልጆች ይዘው ከሆነ በአንድ ቀን አይሩጡት፤ አዋሽ ላይ ቢያድሩ በማግሥቱ ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ሳላ ማየት ይችላሉ። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም በቅርብ ቀን ከተጓዘ ሰው ይጠይቁ።

መቼ?

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ የአዲስ አበባን ግማሽ ያህል መሆኑ ነው። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ይበረታል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመቻል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ግን ልብ ይበሉ፤ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ለመሳለም የሚሄዱ ከሆነ አልጋ ከብዙ ሳምንት በፊት ይያዙ፤ ለማረፍ ከሆነ ሌላ ሳምንት ይምረጡ። በሐረር በሸዋል ወር የሚከበረውና በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ሹዋሊድም እንዲሁ ከተማውን ይሞላዋል፤ ሕዝብና ዜማ ለሚወድ ግን ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

ድሬ ላይ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የድሮው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ አዲስ አበባ የደረሰው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ከዚራ ዛፍ የጋረደው ሰፊ መንገዱና የድሮው ጣቢያ፣ መጋላ ደግሞ ገበያው አለው፤ በመካከላቸው ብዙውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ ያልፋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰውን ጥፋት የከተማው ሰው አይረሳውም፤ ደመና ካለ ልጆች ወንዙ ውስጥ እንዲጫወቱ አይፍቀዱ።

የከተማዋን ሰዓት ያክብሩ። ጠዋት ቀፊራ ገበያን ይዙሩ፤ እኩለ ቀን ላይ ሱቁም ሰውም ያርፋል፤ እርስዎም ይተኙ። ከ10 ሰዓት በኋላ ከተማው እንደገና ይነቃል፤ ያን ጊዜ ባጃጅ ይዘው ከዚራን ይዙሩ፤ ማታ ሳምቡሳና ሙሸበክ ይቅመሱ።

አንዱን ቀን ለሐረር ይስጡ፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትቀዘቅዛለች፤ ለልጆች ሹራብ ይያዙ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡት የጀጎል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በውስጡ 82 መስጊዶች አሉ። የሸሪፍ ሙዚየምንና ቁጢ የሚባለውን የቡና ቅጠል መጠጥ አይለፉ። የጅብ ትርዒቱ ሲመሽ ነው፤ ትንንሽ ልጆች ከፈሩ አያስገድዱ፤ ከመኪና ውስጥ ይዩ።

ጤናና ገንዘብ

ድሬ ቆላ ናት፤ ወባና ዴንጊ ታይቶባታል። ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ሕፃን ከያዙ። የትንኝ መከላከያ ቅባትና እጀ ሙሉ ልብስ ይያዙ፤ ሆቴሉን ስለ አጎበር ይጠይቁ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብለው አይቆዩ፤ ክሊኒክ ሄደው ድሬ እንደነበሩ ይንገሩ።

ገንዘቡን በአራት ይክፈሉት፦ መጓጓዣ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የከተማ ውስጥ እንቅስቃሴ። በላዩ ላይ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛውን ለድንገተኛ ይጨምሩ። ስጦታም ከበጀቱ ውስጥ ይግባ፤ ካልሆነ የመልስ ቲኬቱን ይበላዋል። አንድ ጊዜ ማውጣት ከከበደ ከሦስትና አራት ቤተሰብ ጋር የጉዞ እቁብ ይጣሉ፤ ዕጣ የደረሰው በተራው ይሄዳል፤ የቀሩትም የዚያን ሳምንት ልጆቹን ይጠብቁለታል። «ልጆቹስ?» የሚለው ጥያቄም መልስ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ፦ ከሥራ ሲመለሱ በለቡ በኩል አልፈው ባቡሩ የሚነሣባቸውን ቀኖች ጠይቀው ይጻፉ። ቀን የተቆረጠለት ጉዞ «አንድ ቀን» መባሉ ይቀራል።