ሞራው ከተገፈፈ በኋላ የሚገባው

በወሎ፣ በሐራም ሆነ በመርሳ፣ አንድ አዛውንት ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይናቸው በርቶ ሲመለሱ ጎረቤት የሚለው ያው ነው፤ «ሞራው ተገፈፈላቸው»። ቃሉ ደግ ነው፤ ከወተት ላይ ስልባቦት ሲገፈፍ ያየ ሁሉ ይገባዋል። ሆኖም የነገሩን ግማሽ ይደብቃል። ከዓይን ላይ የሚገፈፍ ስስ ሽፋን የለም። የደፈረሰው ከብሌኑ ኋላ የተቀመጠው የተፈጥሮ ሌንስ ራሱ ነው። ሐኪሙ እሱን አውጥቶ በቦታው ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስቀምጣል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። መነጽር የሰለቻቸው ወጣቶች ስለ ሌዘር ሲጠይቁ «ለአንተ ሌዘር አይሆንም፤ ዓይንህ ውስጥ ሌንስ ማስገባት ይቻላል» ቢባሉ ይደነግጣሉ። እቤት ምድጃ ዳር የተቀመጡት አያታቸው ግን ምናልባት ሌንሱን ይዘውት ዓመታት ቆጥረዋል። ሞራው ተገፈፈ እንጂ ሌንስ ገባ ስላልተባለ ማንም ልብ አላለውም።

የነገሩ መነሻ ጦርነት ነው። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ አብራሪዎችን ሲያክም አንድ ነገር አስተዋለ፤ የአውሮፕላን መስኮት ተሰባብሮ ዓይናቸው ውስጥ የቀረው የፕላስቲክ ስባሪ ዓይኑን እምብዛም አያስቆጣውም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1949 በለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ከዚያው የፕላስቲክ ዘር የተሠራ ሌንስ ለአንዲት ታማሚ አስገባ። የሙያ ባልደረቦቹ ብዙ ዓመት ፊት ነሡት፤ ሐኪም ባዕድ ነገር ከዓይን ያወጣል እንጂ እንዴት ያስገባል? በስተርጅናው እሱንም ሞራ ያዘው፤ የገዛ ፈጠራውም በዚያው ሆስፒታል በሁለቱም ዓይኖቹ ገባለት። ለድሃው እንዲደርስ ግን ዋጋው መውረድ ነበረበት። አንዱ ሌንስ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሕንድ ማዱራይ፣ ቀጥሎም በካትማንዱና በጎረቤታችን አስመራ ፋብሪካዎች ሲከፈቱ ወደ ጥቂት ዶላር ወረደ።

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። የእሱ ሌንስ አልደፈረሰም፤ ችግሩ ዓይኑ ከልኩ በላይ ረዝሞ የሩቁ ምስል በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲናው፣ ላይ ሳይደርስ መሰብሰቡ ነው። ሌዘር ይህን የሚያርመው የዓይንን የፊት መስተዋት፣ ኮርኒያን፣ በመቅረፍ ነው። ኮርኒያ ደግሞ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ በማይክሮን ብንቆጥረው 540 ገደማ። አንድ የመነጽር ቁጥር ለማጥፋት ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ይታጣል። ማይነስ 10 ያለው ሰው እስከ 150 ይሄድበታል፤ ላሲክ በሚባለው የሌዘር ሕክምና ከላይ የሚገለጠው ልባጭ ሌላ 110 ገደማ ይወስዳል። 280 ቀረ ማለት ነው። ከ250 በታች መውረድ እንደማይገባ ለሚጠነቀቅ ሐኪም ይህ ጠርዝ ላይ መቆም ነው፤ ኮርኒያው ከመጀመሪያው 480 ከሆነማ ሒሳቡ አይወጣም። የተቀረፈ ኮርኒያ ደግሞ አይመለስም።

ሁለተኛው መንገድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከዓይን ምንም ሳይቀነስ ሌንስ ይጨመራል። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ ተጠቅልሎ ይገባና ከባለቀለሙ ክብ ኋላ፣ ከተፈጥሮው ሌንስ ፊት ይዘረጋል። የተፈጥሮው ሌንስ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ከሞራው ቀዶ ሕክምና የሚለየውም በዚህ ነው። ካልተስማማ ወይም ዕድሜ ገፍቶ ሞራ ከመጣ ይወጣል። ከዓይነቶቹ በጣም የታወቀው አይሲኤል የአሜሪካን ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ነው፤ በ2022 የተፈቀደው ዝርያው መሐሉ ላይ 0.36 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው፤ የዓይን ውስጥ ፈሳሽ በዚያ ያልፋል።

ለወሎ ሰው ግን ከሁሉ በፊት የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። የአይሲኤል ሌንስ የሚሠራበት ለስላሳ ቁስ ውስጥ ጥቂት የአሳማ ኮላጅን አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይነካበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሐኪሙን መጠየቅ፣ የሃይማኖት አባትንም ማማከር የሰው መብት ነው። ባለቀለሙ ክብ ላይ የሚቆነጠጥ፣ ከሪድሊ ፕላስቲክ የሚሠራ ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱ ኮላጅን የለበትም።

ደግሞም ለሁሉ አይሆንም። ቁጥሩ ገና እየጨመረ ላለ ተማሪ አይሰጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ21 እስከ 45 ዓመት ላለ ሰው ነው። የዓይኑ የፊት ክፍል ጥልቀት ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሆን ይገባል፤ የኮርኒያ የውስጥ ሴሎችም ይቆጠራሉ። ልኩ ከተሳሳተ ሌንሱ የዓይን ግፊት ሊያስነሣ ወይም ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ሌሊት በመኪና መብራት ዙሪያ ቀለበት የሚያዩም አሉ። በእኛ አካባቢ ሌላ ጣጣ ይጨመራል፤ ትራኮማ። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያውን የሚወጋው ሰው ለየትኛውም ሌንስ ከመቅረቡ በፊት ሽፋሽፍቱን ማስታከም አለበት።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ የጥቂቶች ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶው ኢትዮጵያዊ 1.6 ዓይነ ስውር እንደሆነ፣ ከእነሱም ግማሹን ያህል ያሳወረው ሞራ እንደሆነ አሳይቷል። በእኔ ሚዛን ከሐራ የሚነሣ ገንዘብ ቅድሚያ የአያትን ሞራ ማስወጫ፣ ቀጥሎ የተማሪን መነጽር መግዣ ይሁን፤ ከዚያ የተረፈው ካለ ስለ አይሲኤል ይታሰብ።

ሌንሱን ላስገባችሁ ግን አንድ ነገር ልበል። ሌንሱ ቁጥሩን ያጠፋል እንጂ የረዘመውን ዓይን አያሳጥረውም፤ የሳሳው ሬቲናም እንደሳሳ ይኖራል። ድንገት የመብረቅ ዓይነት ብልጭታ፣ እንደ ጥቀርሻ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ፣ ወይም ከአንድ ጎን የሚወርድ መጋረጃ ካያችሁ ገበያው ይለፍ ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ተነሡ።