ይሄ ድንጋይ ወርቅ ነው?

ጂኦሎጂ መማሬን የሚያውቁ ሰዎች በቴሌግራም የሚልኩልኝ ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። አቧራ የያዘ መዳፍ፣ መዳፉ ላይ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ፣ ከሥሩ «ይሄ ወርቅ ነው?» የሚል ጥያቄ። አብዛኛው የሚመጣው ከቦሌና ከምሥራቅ አዲስ አበባ ነው። ጎሮ፣ ሰሚት፣ አያት፣ ቦሌ አራብሳ፤ ኤክስካቫተር ያልገባበት ሰፈር የለማ! የሕንፃ መሠረት ሲቆፈር መጀመሪያ ዋልካው ይወጣል፤ ከዋልካው ሥር ጥቁር ድንጋይ ይመጣል፤ ድንጋዩ ሲፈለጥ ደግሞ ውስጡ ነጫጭ ፍሬ ወይም የሚያብረቀርቅ ነገር ይታያል። ልብ ይመታል፣ ስልክ ይወጣል።

መልሴ እስካሁን ሁሌም «አይደለም» ነው። ነጫጩ ነገር ድሮ ቀልጦ የፈሰሰው ባዛልት ሲቀዘቅዝ በቀሩት ቀዳዳዎች ውስጥ ውሃ ያስቀመጠው ማዕድን ነው። የሚያብረቀርቀው ብዙ ጊዜ ፌልድስፓር ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ መስታወት ያበራል። ደማቅ ቢጫ ሆኖ ቢያጠራጥራችሁ ላብራቶሪ መሮጥ አያስፈልግም። ሳይቱ ላይ የተሰበረ ሴራሚክ አይጠፋም አይደል? በጀርባው፣ ባልተለበጠው በኩል ድንጋዩን ፈግፍጉት። ወርቅ ቢጫ መስመር ይተዋል፤ ብዙዎችን የሚሸውደው ፓይራይት ግን ወደ ጥቁር የሚያደላ መስመር ነው የሚተወው። በመዶሻ ስትመቱት ደግሞ ወርቅ ይጠፈጠፋል፣ ፓይራይት ይፈረካከሳል።

ጥያቄው ግን የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በአገራችን የታወቀው ወርቅ በአብዛኛው የሚገኘው በጣም ባረጁ ድንጋዮች ውስጥ ነው። ሻኪሶ አጠገብ ያለው ለገደምቢ፣ ወለጋ፣ አሶሳ፣ ትግራይ፤ ሁሉም ዕድሜያቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆኑ ድንጋዮች ላይ ናቸው። ቦሌ ላይ የምንቆፍረው ድንጋይ ግን በአብዛኛው 10 ሚሊዮን ዓመት እንኳ አይሞላውም፤ ለጂኦሎጂ ሕፃን ነው። ያረጀው ድንጋይ እዚህም ከታች አለ፣ ነገር ግን በላዩ ላይ ብዙ የእሳተ ገሞራና የደለል ድንጋይ ተደራርቦበታል። ከጎሮ ቀና ስትሉ የምታዩት የረር ተራራም ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው።

ታዲያ ወጣት ድንጋይ ወርቅ አይዝም ማለት ነው? አይደለም። እንዲያውም ወርቅና ብር አንድ ላይ የሚገኙበት ዋነኛው ዓይነት ሥር (የኪሳችንን ብር ማለቴ አይደለም) የሚፈጠረው እንደኛ ባለ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። አሠራሩን ፍልውሃን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ከታች የጋለ ድንጋይ አለ። ውሃ በስንጥቅ ወርዶ ይግላል፣ ይመለሳል። ይህ ውሃ ጥቂት ወርቅና ብር አሟሙቶ ይይዛል፤ ወርቁን በውሃው ውስጥ ይዞ የሚያቆየው በተለይ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ነው። ውሃው ወደ ላይ ሲቃረብ የሚጫነው ክብደት ይቀንሳል፣ መፍላት ይጀምራል፣ ጋዙ ያመልጣል። ያን ጊዜ ወርቁ ተሸካሚ አጣ ማለት ነው፤ ስንጥቁ ግድግዳ ላይ ከኳርትዝ ጋር ይለጠፋል። ይህ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲደጋገም ስንጥቁ በቀጫጭን ሽፋኖች ይሞላል። ቬይን የምንለው ይሄ ነው።

ተረት አይደለም። ኒው ዚላንድ ውስጥ ኦሃኪ በሚባል የእንፋሎት ኃይል መስክ፣ የጉድጓዶቹ ቧንቧ ውስጥ የተጋገረው ቅርፊት ሲመረመር ወርቅና ብር ተገኝቶበታል። ጃፓን ደግሞ ሂሺካሪ የተባለ ማዕድን አለ። ዕድሜው አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከቦሌ ድንጋይም ያንሳል! ዋናውን ሥር እ.ኤ.አ. በ1981 በቁፋሮ ከመሬት በታች አገኙት፣ በ1985 ማምረት ጀመሩ፣ እስካሁን ከ200 ቶን በላይ ወርቅ ወጥቶበታል። ከማዕድኑ የሚቀዳው 65 ዲግሪ ገደማ የሚሆን ሙቅ ውሃ ለአካባቢው መታጠቢያ ይሄዳል። ፍልውሃና ወርቅ በአንድ ጉድጓድ!

እኛም ጋ ተሞክሯል። በስምጥ ሸለቆው ሰሜናዊ ጫፍ፣ አፋር ውስጥ ተንዳሆ አካባቢ፣ ስትራቴክስ ኢንተርናሽናል የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ መገንታ በሚባል ቦታ ይህን መሰል ወርቅ ያለበት ኳርትዝ አግኝቶ ነበር። ትልቁ አንግሎጎልድ አሻንቲም በአጋርነት ገብቶበታል። ተቆፈረ፣ ተለካ። ወርቁ ነበረ፤ ማዕድን ማውጫ ግን አልሆነም።

«ወርቁ ካለ ለምን?» የሚለው ጥያቄ ነው በቅርቡ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ካፌ ያስቀመጠኝ። የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም፣ የሜትር ታክሲ የሚነዳ ልጅ፣ ዕቁብ ወጥቶለታል። አንድ ሰውዬ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ የወርቅ ቦታ ድርሻ ሊሸጥለት ነው። ጠረጴዛው ላይ የላብራቶሪ ወረቀት ተቀምጧል፤ በቶን 38 ግራም ወርቅ ይላል። እኔ ጥያቄ ሳበዛ ሰውየው ልጁን አየና «ብሮ፣ ላብራቶሪ እኮ አይዋሽም» አለው።

እውነቱን ነው፣ ላብራቶሪው አልዋሸም ይሆናል። ግን ላብራቶሪ የሚመረምረው የተላከለትን ድንጋይ ነው፤ ያልተላከለትን መሬት አይደለም። ከአንድ ሥር ላይ ምርጧን፣ ዝገት የመሰለችውን፣ ወርቅ የጨበጠችውን ቁራጭ ለቅሜ ብልክ 38 ብቻ ሳይሆን 100 ግራምም ሊመጣልኝ ይችላል። ወርቅ በሥር ውስጥ እኩል አይበተንም። እዚህ ጋ ይከማቻል፣ ሁለት ሜትር አልፎ ይጠፋል። ሥሩ ራሱ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ እንደ ጣት ይቀጥናል፣ አንዴ በስብራት ተቆርጦ ይሰወራል። ስለዚህ የምርመራ ሥራ ማለት በናሙናና በናሙና መካከል ያለውን ማወቅ ነው። መጀመሪያ የወንዝ አሸዋና አፈር ይመረመራል፣ ቦይ ይቆፈራል፣ ከዚያ በተለካ ርቀት ጉድጓድ ይበሳል፣ የወጣው ድንጋይ እየተሰነጠቀ ሜትር በሜትር ይመረመራል። ባዶ የወጣው ጉድጓድ ውጤትም ይመዘገባል። እንዲያውም እኔ ሪፖርት ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ባዶዎቹን ነው። የሌሉበት ሪፖርት ያስፈራኛል።

ምዕራብ ወለጋ ያለውን ቱሉ ካፒን እንይ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወርቅ አውጥተውበታል። በ1970ዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም መርምሮታል። ከዚያ ኩባንያ ኩባንያን እየተካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የማምረት ፈቃድ የተገኘው በ2015 ነው፤ የግንባታውን ገንዘብ ለማሟላት ደግሞ ሌላ አሥር ዓመት ገደማ ሄደ። ይህ ሁሉ የተደከመለት ለስንት ግራም ነው? በገጸ ምድር ቁፋሮ ለሚወጣው 15.4 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ አማካዩ በቶን 2.1 ግራም። 20 ቶን የጫነ ሲኖትራክ ውስጥ 42 ግራም ወርቅ አለ እንደማለት ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በዓይንም አይታይም። ባለሙያዎች ግን በ2.1 ይደሰታሉ፤ ምክንያቱም 2.1ዱ በሚሊዮን ቶን ላይ የተረጋገጠ ነው። የካፌው 38 የተረጋገጠው በአንዲት ፌስታል ድንጋይ ላይ ነው።

ፈቃድም የራሱ ደረጃ አለው። የምርመራ ፈቃድ ፈልግ ማለት እንጂ አምርተህ ሽጥ ማለት አይደለም፤ በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት መጀመሪያ የሚሰጠውም ቢበዛ ለ3 ዓመት ነው። እየታደሰ ይሄዳል፣ ካልሆነም ይመለሳል። «ፈቃድ አለኝ» የሚል ሰው የትኛውን እንደሆነ ይናገር። የማዕድን ሚኒስቴር ሩቅ አይደለም፣ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ለባህላዊና ለአነስተኛ አምራቾች ደግሞ የክልሉ መሥሪያ ቤት አለ። ፈቃድ ሲሰጥ ከነወሰኑ ይመዘገባል።

ልጁ እዚያው ካፌ እያለን ለሰውየው ሦስት ነገር እንዲጠይቅ ነገርኩት። የፈቃዱ ቁጥርና ዓይነት፣ የቦታው ሎኬሽን፣ እና ናሙናው ከየት ከየት እንደተወሰደ የሚያሳይ ካርታ፤ ባዶ የወጡትን ጨምሮ። ሰውየው ሳቀና ሎኬሽን ከክፍያ በኋላ እንደሚላክ ነገረን፤ «አሁን ከላክሁ ሌላ ሰው ይቀድመናል» አለ። የፈቃድ ወረቀቱ አጋሩ ጋ ነው፣ ካርታም የለም። ማኪያቶውን ግን ከፈለ።

የዕቁቡ ብር እስካሁን ልጁ ሒሳብ ውስጥ ነው። ትናንት ማታ ደውሎልኝ ነበር፤ ሰውየው «ድርሻው እያለቀ ነው፣ እስከ ዓርብ ወስን» የሚል ቮይስ ልኮለታል። ከቮይሱ ቀጥሎ ፎቶ አለ፤ አቧራ የያዘ መዳፍ፣ ሌላ ድንጋይ። «ይሄስ?» አለኝ ልጁ። ሎኬሽኑ መጣ ወይ ስል ጠየቅሁት። አልመጣም።