ዓይን ቢጫ ሲሆን፦ የሐሞትን መንገድ ይወቁ

በበዓል ቀን በግ ያረደ ወይም ሲታረድ ቆሞ ያየ ሰው ስለ ሐሞት ከረጢት ግማሹን ትምህርት ጨርሷል። አራጁ ሆድ ዕቃውን ካወጣ በኋላ ጉበቱን ይገለብጥና ከሥሩ የተለጠፈችውን አረንጓዴ ከረጢት በጥንቃቄ ይለያታል። ከፈረጠች የነካችው ሥጋ ሁሉ ይመራልና። የሰውም አቀማመጥ ከዚህ ብዙ አይለይም። ጉበት ከላይ፣ ሐሞት ከረጢት ከሥሩ አለች፤ ሁለቱን ከአንጀት ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦም አለ። አብዛኞቻችን የማናውቀው ይህንን ቱቦ ነው። በሥራዬ ላይ ከማያቸው ሕመምተኞች መካከል «ጨጓራ ነው» ተብለው ለዓመታት መድኃኒት ሲወስዱ የቆዩ፣ «የወፍ በሽታ ነው» ተብለው ሳምንታት ያለፉባቸው ጥቂት አይደሉም። ችግሩ ግን እዚያው ቱቦ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ መንገዱን አብረን እንከተለው።

ቀኝ መዳፍዎን በቀኝ በኩል ባሉት የታችኞቹ የጎድን አጥንቶችዎ ላይ ያሳርፉ። ከእጅዎ ሥር ያለው ጉበት ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ክብደቱ ወደ 1.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ትልቁ ክፍል በቀኝ በኩል ነው፤ የግራው ክፍል እየሳሳ ሄዶ ከጨጓራ በላይ ያርፋል። ከውስጡ የሕመም ስሜት የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም፤ ሕመም የሚሰማው የላይኛው ስስ ሽፋኑ ሲወጠር ነው። በዚህም የተነሳ ጉበቱ በእጅጉ የተጎዳ ሰው ለረጅም ጊዜ ምንም ላይሰማው ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ለዓመታት ሳያውቅ የሚኖርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት አቅጣጫ መሆኑ ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች ይለየዋል። ከሚደርሰው ደም ሩብ ያህሉ ከልብ የሚመጣ፣ ኦክስጅን የተሸከመ ደም ነው። ሦስት አራተኛው ግን በቀጥታ ከአንጀት ይመጣል። ይህ ማለት የበላነውና የጠጣነው ነገር፣ ክኒንም ሆነ አረቄ፣ ወደ ሌላው ሰውነታችን ከመድረሱ በፊት አብዛኛው መጀመሪያ በጉበት በኩል ያልፋል። ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ በአገራችን የታየ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ፀዓዳ እምባ በተባለ ቦታ ሰዎች ሆዳቸው በውኃ እየተነፋ ይታመሙና ይሞቱ ነበር። ተላላፊ በሽታ ይሆናል ተብሎ ብዙ ከተፈለገ በኋላ ምርመራው ያመለከተው ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝን ነው። መርዙ ከአንጀት ተነስቶ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነበር።

አሁን ወደ ሐሞት እንምጣ። ቀይ የደም ሕዋስ በሰውነታችን ውስጥ የሚኖረው ወደ 120 ቀን ያህል ነው። ሲያረጅ ይፈርስና ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ቀለም ይተዋል። ጉበት ይህንን ቀለም ከደም ይለቅምና በውኃ እንዲሟሟ አድርጎ ከሐሞት ጋር ያስወጣዋል። የሰገራችን ቡናማ ቀለም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሐሞት ግን ቆሻሻ ማስወገጃ ብቻ አይደለም። ቅባት የነካው ሳህን በውኃ ብቻ እንደማይጠራ ሁሉ የበላነው ቅቤና ዘይትም ያለ ሐሞት በደንብ አይፈጭም። ሐሞት እንደ ሳሙና ቅባቱን ይበትነዋል። ጉበት በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመነጫል።

በጉበት ውስጥ እንደ ወንዝ ገባሮች የተበተኑ ደቃቅ ቱቦዎች ይህንን ሐሞት እየሰበሰቡ በመጨረሻ ከቀኝና ከግራ ሁለት ቱቦዎች ሆነው ይወጣሉ። ሁለቱ ይገጥሙና አንድ ይሆናሉ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ከሐሞት ከረጢት የሚመጣው አጭር ቱቦ ይቀላቀላቸዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ዋናው የሐሞት ቱቦ ነው፤ ርዝመቱ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ማለትም ከእስክሪብቶ የቀጠነ ነው። ይህ ቱቦ ወደ ታች ወርዶ በቆሽት ራስ ውስጥ ያልፍና ከቆሽት ቱቦ ጋር ተገናኝቶ ወደ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይከፈታል። መውጫው ላይ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ጡንቻ አለ። ይህንን ጡንቻ እ.ኤ.አ. በ1887 ያብራራው ሩጄሮ ኦዲ የተባለ ጣሊያናዊ ሲሆን፣ በወቅቱ ገና የሕክምና ተማሪ ነበር። ጡንቻው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በሩ ሲዘጋ ሐሞቱ ወደ ኋላ ተመልሶ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። በአማርኛ ፈሪን «ሐሞተ ቢስ» እንላለን፤ የደነገጠም «ሐሞቴ ፈሰሰ» ይላል። ይህ ሁሉ ወኔ የተሰጣት ከረጢት የምትይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ሲኒ አይሞላም። ይሁን እንጂ ውኃውን እየመጠጠች ሐሞቱን ታወፍረዋለች። ቅባት ያለው ምግብ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ከአንጀት የሚመነጭ ሆርሞን ከረጢቷን ያስጨምቃታል፤ በሩም ይከፈታል።

ጣጣው የሚጀምረው ከረጢቷ ውስጥ ጠጠር ሲፈጠር ነው። ጠጠር በሴቶች፣ በተለይም በወለዱ፣ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ በሆነ፣ ክብደታቸው በጨመረ፣ እንዲሁም በአጭር ጊዜ ብዙ በከሱ ሰዎች ላይ ይበዛል። አብዛኛው ሰው ጠጠር ይዞ ምንም ሳይሰማው ይኖራል። በአጋጣሚ በአልትራሳውንድ የታየና ሕመም የሌለው ጠጠር በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ነገር ግን ከረጢቷ ስትጨመቅ ጠጠሩ አፏ ላይ ከተወተፈ ሕመሙ ይነሳል። ከፆም መፍቻው ዶሮ ወጥ ወይም ከሠርግ ክትፎ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ላይ፣ በእምብርትና በደረት መካከል ወይም በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ይጀምራል። ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ሳያቋርጥ ይቆያል፤ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻም ይሄዳል። ትከሻው ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ከጉበት በላይ ያለው፣ ሆድንና ደረትን የሚለየው ጡንቻ ነርቭ የሚያገኘው ከአንገት ነው፤ ትከሻም እንዲሁ። አእምሮ ሕመሙ ከየትኛው እንደመጣ ይምታታበታል።

ይህ ሕመም ነው እንግዲህ «ጨጓራ» የሚባለው። በአገራችን የጨጓራ ባክቴሪያ ብዙ ሰው ላይ ስለሚገኝ ምርመራው ጨጓራን ማሳየቱ አይቀርም፤ ሕመምተኛውም ኦሜፕራዞል ይዞ ይሄዳል። የጨጓራ ሕመም ግን በአብዛኛው ያቃጥላል፣ ቃር አለው፣ ቀኑን ሙሉ መለስ ቀለስ ይላል። የሐሞቱ በድንገት መጥቶ ጨምድዶ ይይዝና ሲለቅ ጨርሶ ይለቃል፤ በመሃል ሳምንታት ወይም ወራት ጤነኛ ይሆናሉ። የጨጓራ መድኃኒት ደጋግመው ወስደው ካልተሻልዎት የሐሞት ከረጢት አልትራሳውንድ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። በነገራችን ላይ በቴሌግራም የሚዘዋወረው የሎሚና የወይራ ዘይት መጠጥ ጠጠር አያወጣም። ከጠጡ በኋላ በሰገራ ላይ የሚታዩት አረንጓዴ እንክብሎች ዘይቱ ራሱ በአንጀት ውስጥ ወደ ሳሙናነት ተለውጦ የሚሠራቸው ናቸው።

የበለጠ አሳሳቢው ጠጠሩ ከከረጢቷ ወጥቶ ዋናው ቱቦ ላይ ሲቀረቀር ነው። በእኛ አገር ወስፋትም አንዳንዴ ከአንጀት ወደዚህ ቱቦ ይወጣና ይዘጋዋል። መንገዱ ሲዘጋ ሐሞቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቢጫው ቀለም ወደ ደም ይገባል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ይጠቁራል። ሰገራ ደግሞ ቀለሙን ስለማያገኝ እንደ ቡላ ይነጣል። ሰውነትም ያሳክካል።

ዓይን ቢጫ መሆን በራሱ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ሲያፈርስ ይመጣል፤ ሄፓታይተስ ጉበቱን ሲያቆስል ይመጣል፤ ቱቦው ሲዘጋም ይመጣል። ሕዝባችን ሁሉንም «የወፍ በሽታ» ይለዋል፤ የሌሊት ወፍ ስትሸናበት ወይም ጥላዋ ሲያርፍበት ይይዛል የሚሉም አሉ። ባህላዊ መድኃኒት ጠጥቶ የዳነ ሰው እንዳለ አልክድም። ሄፓታይተስ ኤ የያዘው ሰው በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይድናል፤ ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሄዳል። ቱቦው የተዘጋበት ጎረቤቱ ያንኑ ቅጠል ሲጠጣ ግን ጠጠሩ ከቦታው አይነቃነቅም። ቅጠሉም ራሱ ከአንጀት በቀጥታ የሚሄደው ወደዚያው ወደተጎዳው ጉበት ነው።

ቢጫነት፣ የቀኝ ጎን ሕመምና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር የመጣ ትኩሳት አንድ ላይ ከታዩ በተዘጋው ቱቦ ውስጥ ኢንፌክሽን ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ወባ ባለበት አካባቢ ወባም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ነገ የሚባሉ አይደሉም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የተዘጋው ቱቦ በኢንዶስኮፒ ወይም በቀዶ ሕክምና ካልተከፈተ መርፌ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ያለ ሕመም ዓይኑ ቢጫ ሆኖ እየከሳ ከመጣ ደግሞ፣ ቱቦው የሚያልፍበት የቆሽት ራስ ዕጢ እንዳይሆን መመርመር አለበት። አለማመሙ ሊያዘናጋ አይገባም።

ለአራስ እናቶች አንድ ነገር ልናገር። ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ማለቱ የተለመደ ሲሆን አብዛኛው በራሱ ይጠፋል፤ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ከታየ ወይም ሕፃኑ ጡት መጥባት ካቆመ ግን ወዲያውኑ መታየት አለበት። ከ14 ቀን በኋላም ካልጠፋ «ፀሐይ ይሙቅ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በተለይ ሰገራው ነጣ ካለ የሐሞት ቱቦው በትክክል ያልተፈጠረ ወይም የጠፋ ሊሆን ይችላል። ጉበትን በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ውጤቱ የተሻለ የሚሆነው ግን ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ሲሠራ ነው። አርባ ወይም ሰማንያ እስኪሞላው ከቤት አይውጣ የሚል ዘመድ ካለ ይህንን ይንገሩት።

ሕመም ያለው የሐሞት ጠጠር ሲገኝ የሚወጣው ከነከረጢቷ ነው። «ጠጠሩን ብቻ አውጡልኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ከረጢቷ ከቀረች ግን ጠጠሩ ተመልሶ ሊፈጠር ይችላል። ያለ እርሷ መኖር ይቻላል። ፈረስና ግመል ከመጀመሪያውም የላቸውም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይንጠባጠባል፤ አንዳንድ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ሰገራው ይላላል። ክትፎውንም ቀስ በቀስ፣ በትንሹ እየጀመሩ መመለስ ይቻላል።

ለአልትራሳውንድ ሲሄዱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ ይሂዱ፤ ወተት ያለው ማኪያቶም ቢሆን ከረጢቷን ያስጨምቃትና ጠጠሩን ለማየት ያስቸግራል። ከመሄድዎ በፊት ደግሞ የሽንትዎንና የሰገራዎን ቀለም አይተው ይሂዱ። ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም።